ቁጥሩን ማን መረጠው?

ማጀቴ፣ ከሰዓት በኋላ። ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው፦ ዕድሜያቸውን በግንበኝነት ያሳለፉ አጎትና፣ የመሬት መንቀጥቀጥ አደጋን በኮምፒውተር የምታጠና የእህታቸው ልጅ። የመመረቂያ ሥራዋ ስለ ይፋት ቆላ ነው። ካርታዋን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታለች።

አጎት፦ ይህ ቀይና ቢጫ የተቀባው ምንድን ነው? ማጀቴስ የት አለች?

የእህት ልጅ፦ እዚህ ናት ጋሼ፣ ቀዩ ውስጥ። ቀለሙ በሚመጡት 50 ዓመታት መሬቱ ምን ያህል በኃይል ሊነቀነቅ እንደሚችል ነው የሚያሳየው። እኔ አይደለሁም የቀባሁት፤ ኮምፒውተሩ አስልቶ ያወጣው ነው።

አጎት፦ ኮምፒውተሩ ነው አትበዪኝ። ቤት ሲፈርስ «ቱንቢው ነው ያሳሳተኝ» ብሎ የዳነ ግንበኛ አላውቅም። ምን ሰጥተሽው ምን አወጣልሽ?

የእህት ልጅ፦ እሺ። መጀመሪያ ያለፈውን ነው የምሰጠው፤ የት፣ መቼ፣ ምን ያህል መጠን ያለው መንቀጥቀጥ ደረሰ የሚለውን መዝገብ። ከዚያ ትንሹም ትልቁም በምን ያህል ጊዜ እንደሚደጋገም ይሰላል፤ መጠኑ በአንድ በጨመረ ቁጥር ብዛቱ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ይወርዳል። ሌላው ደግሞ ንቅናቄው ከመነሻው እስከ ቤቱ ደጃፍ ሲጓዝ እንዴት እየደከመ እንደሚሄድ የሚናገር ቀመር ነው። ይህን ሁሉ ይዞ ኮምፒውተሩ ሊሆን የሚችለውን ሺህ ጊዜ እያፈራረቀ ያሰላል፤ መጨረሻ ላይ «በዚህ ቦታ፣ በዚህ ያህል ዓመት፣ ይህን ያህል ኃይል የመድረስ ዕድሉ ይህ ነው» ይላል። ዘዴውን በ1968 እ.ኤ.አ. የጻፈው አሊን ኮርኔል የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ዛሬም አብዛኛው ዓለም የሚሠራው በእሱ ነው።

አጎት፦ መዝገቡ ውስጥ የእኛ ማጀቴ አለች? የ1953ቱ?

የእህት ልጅ፦ አለች እንጂ። ፒየር ጉዋን የተባሉ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ካህን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመሬት መንቀጥቀጥ መከታተያውን ጣቢያ ካቋቋሙ ጥቂት ዓመት ቢሆን ነው። ኋላ በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ውስጥ የካራቆሬ መንቀጥቀጥ ተብሎ ተመዝግቧል። በግንቦት መጨረሻ ጀመረና ወራት ቆየ። የትልቁ መጠን 6.5 ገደማ ነበር። ካራቆሬ ክፉኛ ተጎዳች፣ ወደ አስመራ የሚሄደው ዋና መንገድ ተሰነጣጥቆ በናዳ ተዘጋ፣ ማጀቴ ግን ፈጽማ ፈረሰች።

አጎት፦ ፈጽማ። ያን ጊዜ ሕፃን ነኝ፤ እኔ የማስታውሰው ደጅ ማደራችንን ብቻ ነው። የቀረውን አያትሽ ናት የነገረችኝ። ድንጋይና ጭቃ ብቻ የሆነው ግንብ ሲወርድ፣ ማገሩ በደንብ የታሰረው የእንጨት ቤት ተንጋዶም ቢሆን ሰው አስወጣ ትል ነበር። እኔም ግንበኛ ከሆንኩ ወዲህ በድንጋዩ መሐል እንጨት ሳላጋድም፣ ማዕዘኑን ሳላስር ግድግዳ አልዘጋሁም። ባለቤቱ «ወጪ አበዛህብኝ» ይላል፣ እኔ አልሰማውም።

የእህት ልጅ፦ መጽሐፍ የሚያስተምረው እሱኑ ነው።

አጎት፦ መጽሐፉ ይቆየን። ከ1953 በፊትስ? ይህ አገር ያን ዓመት አልተፈጠረም።

የእህት ልጅ፦ እዚያ ላይ ነው ችግሩ። በአገራችን የተተከለ መሣሪያ ያስቀመጠው መዝገብ 70 ዓመት አይሞላም። ከዚያ በፊት ያለው አብዛኛው ከዜና መዋዕል፣ ከተጓዦች ማስታወሻና ከደብዳቤ ተለቅሞ ነው የመጣው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ተንቀጥቅጣ ተራራው እንደተንሸራተተ የምናውቀው፣ አንኮበር ቤተ መንግሥት ስለነበረችና የውጭ መልእክተኞች እዚያ ተቀምጠው ይጽፉ ስለነበር ነው።

አጎት፦ ከአንኮበር ሥር ያለው ቆላ ቢነቀነቅ ግን የሚጽፍለት የለም።

የእህት ልጅ፦ የለም። ስለዚህ ሞዴሉ በዚያ ዘመን ቆላው ጸጥ ያለ ነበር ብሎ እንዳያምን መጠንቀቅ አለብን። መዝገቡ መሬቱ የተናወጠበትን ሳይሆን ጸሐፊ የነበረበትን ቦታ ነው የሚከተለው። ይህን የሚያርም ስሌት አለ፤ መዝገቡ ከየትኛው ዓመት ጀምሮ ሙሉ ነው ብለን እንቆርጣለን። መቁረጡ ግን የእኛ ውሳኔ ነው። በኅዳር 2018 አፋር ላይ የፈነዳውን የሀይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ያስታውሳሉ? ከዚያ ቀን በፊት መፈንዳቱን የሚናገር አንድም የታወቀ መዝገብ አልነበረውም።

አጎት፦ እንግዲህ 70 ዓመት የማይሞላ ነገር አይተሽ ስለ ስንት ዓመት ነው የምትናገሪው?

የእህት ልጅ፦ የሕንጻ ደንቡ የሚጠይቀው ስለ 475 ዓመት ነው።

አጎት፦ አራት መቶ ሰባ አምስት! ከየት የመጣ ቁጥር ነው? ለምን 500 አልሆነም?

የእህት ልጅ፦ ከስሌት ነው የወጣው። አንድ ሕንጻ 50 ዓመት ያገለግላል ተብሎ ይታሰባል። በ50 ዓመት ውስጥ ከታሰበለት የበለጠ ንቅናቄ የሚደርስበት ዕድል 10 በመቶ ብቻ ይሁን ከተባለ ሒሳቡ 475 ዓመት ላይ ያርፋል። በአማካይ በ475 ዓመት አንድ ጊዜ የሚደርሰውን ንቅናቄ እንዲችል ሥሩ ማለት ነው።

አጎት፦ አሥር በመቶውን ማን ቆረጠው?

የእህት ልጅ፦ መሐንዲሶች፣ የደንብ ኮሚቴዎች። ከአሜሪካ ተነሥቶ አውሮፓ ገባ፣ እኛም በ2015 እ.ኤ.አ. የአውሮፓውን ደንብ ስንወስድ አብሮ መጣ። ጋሼ፣ ከእሱ በፊት የነበረው የ1995 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ደንብ ግን መለኪያው 100 ዓመት ነበር።

አጎት፦ ቆይ፣ ቆይ። ከመቶ ወደ 475? ይህማ ሌላ ቤት ነው። በመቶው ሲሆን ዕድሉ ስንት ነበር?

የእህት ልጅ፦ በ50 ዓመት ውስጥ ከታሰበለት በላይ የሚነቀነቅበት ዕድል ወደ 40 በመቶ ይጠጋል። ይፈርሳል ማለት አይደለም፤ ሲሠራ ትርፍ ጥንካሬ አለው፣ ይሰነጠቅና ሊቆም ይችላል። ግን ልዩነቱ ልዩነት ነው። ለአዲስ አበባ የተሰጠው የንቅናቄ መጠን በአሮጌው ደንብ ከስበት ኃይል 5 በመቶ ነበር፣ በአዲሱ 10 በመቶ ሆነ። እጥፍ። ከአዲስ አበባ ሥር ያለው መሬት በ20 ዓመት ውስጥ አልተለወጠም። የመጀመሪያዎቹ ኮንዶሚኒየሞች በአሮጌው ደንብ ዘመን የተሠሩ ናቸው።

አጎት፦ በዚያ ሕንጻ የሚኖረው ሰው አርባ በመቶ እንደተመደበለት ያውቃል?

የእህት ልጅ፦ አያውቅም።

አጎት፦ የጠየቀውስ አለ?

የእህት ልጅ፦ የለም። ደንቡን ያወጡትን ክፉ አድርገው እንዳያዩብኝ ግን። ድሃ አገር ነን፤ ለእያንዳንዱ ኮለን ፌሮ ጨምሩ፣ ስታፋውን አቀራርቡ ቢባል ያው ገንዘብ አሥር ቤት የሚሠራው ስምንት ይሠራ ነበር ይሆናል። ያ ደግሞ ሁለት ቤተሰብ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው። ይህ እውነተኛ ጭንቅ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ጭንቁ በቁጥር ተሸፍኖ መቅረቱ ነው። «የሚፈቀደው አደጋ ይህ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ቀመር ውስጥ ገባና ሳይንስ መሰለ። ሳይንሱ አሥር በመቶ ቢሆን ይህ፣ አርባ ቢሆን ያ ይላል። አሥሩን ወይም አርባውን ምረጥ አይልም።

አጎት፦ አሁን ገባኝ። አንቺ የምትሰጪው ስሌት ነው፤ ምርጫው ግን በፌሮው የሚቆጥበው ሰው እጅ ነው። አደጋው ላይ የሚተኛው ሌላ ነው።

የእህት ልጅ፦ ምርጫው የእኔም ነው ጋሼ፤ ነጻ ልወጣ አልችልም። ሌላ ካርታ አለኝ፣ ይህን ይመልከቱ። ይህኛው ንቅናቄን ሳይሆን ጉዳትን ነው የሚያሳየው። የቤቶቹን ዓይነት ይወስድና ስንቱ ይፈርሳል፣ ምን ያህል ገንዘብ ይጠፋል ይላል።

አጎት፦ አዲስ አበባ ቀይ፣ አዳማ ቀይ። ማጀቴ ነጭ ናት! ምነው፣ እንዲህ በአንድ ጊዜ ደኅና ሆንን?

የእህት ልጅ፦ ጉዳቱን በገንዘብ ስለለካሁት ነው። የጭቃ ቤት መልሶ መሥሪያው ጥቂት ብር ነው፤ ሺህ የጭቃ ቤት ቢወድቅ ከአንድ ረጅም ፎቅ ያነሰ ይሆንና ካርታው ላይ ይጠፋል። ብዙዎቹ የአደጋ ሞዴሎች እንዲህ ነው የሚያወጡት፤ የመድን ድርጅትና ባንክ የሚጠይቀው እሱን ስለሆነ። ያው ሞዴል፣ ያው መረጃ፣ በሟች ቁጥር ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሳነጻጽረው ደግሞ ይፋት ቀይ ሆኖ ይመጣል።

አጎት፦ ለየትኛው ነው ገንዘብ የሚመደበው?

የእህት ልጅ፦ አለቃ ጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጠው።

አጎት፦ እንግዲያው ሁለቱንም አስቀምጪ። ጎን ለጎን። አንዱን ብቻ ይዘሽ ከገባሽ፣ ማን ይሙት የሚለውን አንቺ ወስነሽ ገባሽ ማለት ነው፤ ሳታውቂው ቢሆን እንኳ።

የእህት ልጅ፦ አስቀምጣለሁ። ከሥሩም በብር ሲለካ እነማን እንደሚጠፉ እጽፋለሁ።

አጎት፦ ግን አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። ይህ ሁሉ ጥርጣሬ ካለበት ለምን እንሰማዋለን? በ2017 በፈንታሌ እሳተ ገሞራ በኩል መሬቱ ሲታመስ እዚህም ተነቃንቀናል። በየስልኩ «ዛሬ ሌሊት ይመጣል፣ ነገ ይፈነዳል» ሲባል ነበር። ሰዉን አፈናቀሉት፣ እሳተ ገሞራውም አልፈነዳ።

የእህት ልጅ፦ በስልክ የዞረውንና የተጠናውን አይቀላቅሉብኝ። ቀንና ሰዓት ቆርጦ መሬት ይንቀጠቀጣል ማለት የሚችል ሰውም ሞዴልም በዓለም ላይ የለም። የፈንታሌው ጥናት ሌላ ነው። መንቀጥቀጡ ከመስከረም ጀምሮ እየተደጋገመ መጣ፤ ታኅሣሥ 26 ቀን 5.7 ገደማ፣ የካቲት 7 ቀን ደግሞ 6.0 ደረሰ። ሳተላይቶች መሬቱ ምን ያህል እንደተነፋና እንደተከፈተ ከሰማይ ይለካሉ። ተመራማሪዎች ያንን ልኬት ወደ ሞዴል አስገብተው፣ ከሥር ቅልጥ ዐለት እንደ ቀጭን ግድግዳ ቆሞ ከፈንታሌ ወደ ዶፈን ተራራ አቅጣጫ እየሰነጠቀ መሄዱን አሳዩ። ዶፈን ላይ እንፋሎትና ጭቃ ሲወጣ አገር ያየው ነው። ቅልጡ ገጽ ላይ ይወጣል አይወጣም የሚለውን ግን ሞዴሉ አልቆረጠም፣ ሊቆርጥም አይችልም።

አጎት፦ ሰማንያ ሺህ ሰው ይነሣ ሲባል ሰምቻለሁ። ከብቱን፣ ግጦሹን ትቶ።

የእህት ልጅ፦ አዎ፣ ከአፋርና ከኦሮሚያ ወደ 80 ሺህ ሰው ከአደጋው ቀጣና ይውጣ ተብሏል። የከሰም ግድብም ቅርብ ነው። ቅልጡ ሳይወጣ ቀረ። ስህተት ነበር ይላሉ?

አጎት፦ ከሆነማ በኋላ ማንም ዳኛ ነው። እኔ የምጠይቀው፣ ሲያነሷቸው ምን አሏቸው? «ይፈነዳል» ብለው ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ የሚሰማ የለም። «ላይፈነዳ ይችላል፣ ግን ቢፈነዳ ማምለጫ ጊዜ የላችሁም» ካሉ ሰው ይገባዋል። እረኛ ዝናብ ሊመጣም ላይመጣም እንደሚችል እያወቀ ነው ከብት የሚያንቀሳቅሰው። የተነሣው ሰው ደግሞ የከብቱን መኖ የሚሸፍንለት ይኑር። እናንተ እርግጠኛ ላልሆናችሁበት ነገር ወጪውን እሱ ብቻ ለምን ይክፈል?

የእህት ልጅ፦ ይህን የመጨረሻውን በየትኛውም የሞዴል ጽሑፍ ላይ አላነበብኩትም። ስለ ማስጠንቀቂያ ይጻፋል፤ ማስጠንቀቂያው ባዶ ሲሆን ከብቱን ማን ይመግባል ግን አይጻፍም።

አጎት፦ ጻፊው።

የእህት ልጅ፦ በተቃራኒው የሆነውን ልንገርዎት፤ አላስፈላጊ ማጽናናት የሚያመጣውን። ጣሊያን ውስጥ ላኩዊላ የምትባል ከተማ በ2009 እ.ኤ.አ. ለወራት በትንንሽ መንቀጥቀጥ ስትናጥ ሰዉ ተጨነቀ። የአገሪቱ ታላላቅ ባለሙያዎች ተሰበሰቡ፤ ትልቁ ይመጣል ብሎ የሚያስረግጥ ነገር የለም አሉ። ይህ እውነት ነበር። አንድ ባለሥልጣን ግን ለጋዜጠኛ ሲናገር፣ ትንንሾቹ ኃይሉን እያስተነፈሱት ስለሆነ ሁኔታው መልካም ነው የሚል ነገር አለ። ሳይንሱ እንዲህ አይልም። በስድስተኛው ቀን ሌሊት 6.3 መታና 309 ሰው ሞተ። ያ ሕዝብ ከድሮ ጀምሮ መሬት ሲናወጥ ደጅ የማደር ልማድ ነበረው። ከሞቱት የአንዳንዶቹ ቤተሰቦች «ተረጋጉ ስላሉን ገባን» ብለው መሰከሩ።

አጎት፦ እኛ ደጅ ያደርነውም ማንም ነግሮን አይደለም።

የእህት ልጅ፦ ፍርድ ቤቱ በ2012 እ.ኤ.አ. ስድስቱን ሳይንቲስቶችና ባለሥልጣኑን በስድስት ስድስት ዓመት እስራት ቀጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሳይንቲስቶቹ በይግባኝ ነጻ ወጡ፤ የባለሥልጣኑ ወደ ሁለት ዓመት ወረደ። ዓለም ላይ ብዙ ሳይንቲስት ተቆጣ፤ መተንበይ የማይቻለውን አልተነበያችሁም ተብሎ ሰው ይታሰራል ወይ አለ። እኔ ግን ይግባኙ ልዩነቱን በትክክል ያየው ይመስለኛል። አለማወቅ ወንጀል አይደለም። «አናውቅም» የሚለውን ወስዶ «አይዟችሁ» አድርጎ መስጠት ግን ከባድ ጥፋት ነው፤ የአያት ልማድ ሊያድነው የሚችለውን ሰው ነው ቤት የመለሰው።

አጎት፦ እውነቱን አውቀው የደበቁስ?

የእህት ልጅ፦ ፉኩሺማ። የጃፓኑ የኑክሌር ጣቢያ በአሮጌ ግምት 6 ሜትር ገደማ ለሚደርስ ማዕበል ነበር የተሰናዳው። በ2008 እ.ኤ.አ. ባለቤቱ ኩባንያ ቴፕኮ ራሱ ያሠራው የኮምፒውተር ስሌት ማዕበሉ እስከ 15.7 ሜትር ሊደርስ እንደሚችል አሳየ። ይጠና ተብሎ ተቀመጠ። በ2011 እ.ኤ.አ. መጋቢት ማዕበሉ ወደ 14 እና 15 ሜትር ሆኖ መጣ። ያ ሞዴል አልተሳሳተም ጋሼ። «ሞዴል ነው፣ ጥርጣሬ አለበት» ማለት ላለመሥራት ምክንያት ሆነ። እርስዎ ቅድም «ለምን እንሰማዋለን» ሲሉኝ የደነገጥኩት ለዚህ ነው። ጥርጣሬውን እኛ ስንናገር፣ መክፈል የማይፈልግ ሰው እሱን ይዞ ያመልጣል።

አጎት፦ ስለዚህ ብትናገሪም ችግር፣ ባትናገሪም ችግር።

የእህት ልጅ፦ እናገራለሁ። ግን ጥርጣሬው ወደ ሁለቱም ወገን መሆኑን አብሬ እናገራለሁ። ካልኩት ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ የበለጠም ሊሆን ይችላል። ሰው ያነሰውን ብቻ ነው የሚሰማው።

አጎት፦ ይሁን። አሁን የማጀቴን ንገሪኝ። አንቺ ራስሽ በጣም የማታምኚው ቁጥር የቱ ነው?

የእህት ልጅ፦ ሁለት አሉ። አንደኛው ያ የማድከሚያ ቀመር ነው። ትልቅ መንቀጥቀጥ ሲደርስ ቅርብ ሆኖ ንቅናቄውን የለካ መሣሪያ በአገራችን እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ቀመሩን ከካሊፎርኒያና ከአውሮፓ ተውሰን ነው የምንሠራው። የስምጥ ሸለቆ ድንጋይ የተሰነጣጠቀና የሞቀ ነው፤ እንደዚያ አገር ድንጋይ ያስተላልፋል ብሎ መማል አይቻልም። ስለዚህ የተለያዩ ቀመሮችን ጎን ለጎን አስገብቼ ልዩነታቸውን አሳያለሁ። ሁለተኛው አፈሩ ነው። ለስላሳ ደለል ንቅናቄውን ያጎላዋል፣ ዐለት ግን አያጎላም። የማጀቴን አፈር የለካ የለም። ሞዴሉ የሚያደርገው ከሳተላይት ተዳፋቱን አይቶ መገመት ነው፤ ቀጥ ያለው ዐለት፣ ለጥ ያለው ደለል ይሆናል ብሎ።

አጎት፦ ማነው ያለው? ለጥ ያለ ሜዳ ላይ አንድ ክንድ ሳልቆፍር ዐለት የነካሁበት አለ። ተዳፋት ላይ ደግሞ ከሰው ቁመት በላይ ወርጄ ጥቁር አፈር ብቻ ያገኘሁበት።

የእህት ልጅ፦ የቆፈሩበትን ቦታ ሁሉ ያስታውሳሉ?

አጎት፦ የሠራሁትን ቤት እረሳለሁ እንዴ። የጉድጓድ ውኃ የቆፈሩትም አሉ፤ ከእኔ የበለጠ ጠልቀው የወረዱ።

የእህት ልጅ፦ እንግዲያው ከነገ ጀምሮ አብረን እንዙር። ቦታውን በስልኬ እመዘግባለሁ፣ እርስዎ ስንት ወርደው ምን እንዳገኙ ይነግሩኛል። የመሣሪያ ልኬትን አይተካም፤ መሣሪያው ሲገኝ መጀመሪያ የት ይቀመጥ የሚለውን ግን ያሳየኛል። የሳተላይቱ ግምት የት እንደሳተም አያለሁ።

አጎት፦ በሁለት ነገር። የነገርንሽን ወስደሽ በዚያው እንዳትቀሪ፤ የወጣውን በአማርኛ ጽፈሽ እዚህ አምጪው፣ ለወረዳውም ለእኛም። «እርግጠኛ ነኝ» እና «እገምታለሁ» የምትይውን ለይተሽ አስምሪበት።

የእህት ልጅ፦ እሺ ጋሼ። ሁለተኛውስ?

አጎት፦ ከትምህርት ቤቱ እንጀምር። ቀን ቀን ሕፃናት የሚታጎሩበት እሱ ነው። መሠረቱን ስንጥል እኔም ነበርኩ።

የእህት ልጅ፦ ስንት ክንድ ወረዳችሁ?

አጎት፦ በላይኛው በኩል ሁለት፤ እዚያ ድንጋይ አገኘን። በታችኛው አራት ወርደን አላገኘንም፤ ሲሚንቶው እንዳያልቅ ተብሎ እዚያው ላይ ጣልነው። ይህንንም ጻፊው።